ፖስትፒል በድምፅ፣ ኮንዶም በሹክሹክታ

ደብረ ብርሃን ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲል ብርዱ ቀልድ አያውቅም። አንዲት ጓደኛዬ ፋርማሲ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ጋቢ የደረበ ወጣት ገባ። ቆመ። መደርደሪያውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከጎኑ የደም ግፊት መድኃኒት የሚጠብቁትን እናት አየ። «ምን ልስጥህ?» ስትለው «ፓራሲታሞል» አለ። ከፈለ፣ ወጣ። እናትየው መድኃኒታቸውን ይዘው ከሄዱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያው ልጅ ተመልሶ መጣ። «እ... ያንን» አለ በአገጩ እያሳየ። ጓደኛዬ ለምዳዋለች። ምንም ሳትጠይቀው አንድ ፓኬት ኮንዶም በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው። መልሱን እንኳን አልቆጠረም።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ልጅ ገባች። «ፖስትፒል አለ?» ጥርት ባለ ድምፅ። ሦስት ሰው ቆሞ ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ሁለቱም የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነው። እሱ ከግንኙነቱ ቀድሞ መጣ፣ እሷ ካለፈ በኋላ፣ እርግዝና የምትከላከለውን እንክብል ፍለጋ። ቀድሞ የመጣው አፈረ፣ ኋላ የመጣችው አላፈረችም። ልጅቷ ማፈር ነበረባት እያልኩ አይደለም፣ እንዲያውም እሰየው። ጥያቄዬ ልጁ ለምን አፈረ ነው። ጓደኛዬን ስጠይቃት «እኛ ሰፈር እርግዝና እንጂ በሽታ የሚፈራ ሰው ቀርቷል» አለችኝ።

ፖስትፒል ሥራዋ አንድ ነው። እንቁላሉ እንዳይወጣ ታዘገያለች። በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለባት፣ ቶሎ በተወሰደች መጠን ደግሞ ይበልጥ ትሠራለች። በቃ። ከጨብጥ፣ ከቂጥኝ፣ ከኤችአይቪ ጋር ምንም ትውውቅ የላትም። የ3 ወሩ መርፌም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም፣ ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም እንደዚያው ናቸው። ከእርግዝናም ከበሽታም የሚከላከለው ያ በጥቁር ፌስታል የሚጠቀለለው ዕቃ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ሳስበው ጥፋቱ የልጆቹ አይመስለኝም። ኮንዶም እኛ አገር ስሙ የጠፋው ገና ከጅምሩ ነው። ኤችአይቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም በተወሰደ የደም ናሙና ነው፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት ደግሞ በ1978 ዓ.ም። ከዚያ በኋላ የመጣውን በዕድሜ ጠና ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። እድር ፋታ ያጣበት፣ ድንኳኑ ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ በቅጡ ሳይታጠፍ ሌላው ግቢ የሚተከልበት ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ ነበረን። ድራማው ሁሌም አንድ ነው፤ ሾፌር አለ፣ ቡና ቤት አለ፣ አንዲት ሴት አለች፣ መጨረሻ ላይ ሾፌሩ ከስቶ ዱላ ተደግፎ ይወጣል፣ እኛ እናጨበጭባለን። ኮንዶም የሚባለው ቃል በዚያ ድራማ የሚነሳው ቡና ቤቱ ጋ ሲደረስ ብቻ ነው። ባልና ሚስት መካከል፣ ፍቅረኛሞች መካከል አንድም ቀን ሲነሳ አልሰማሁም። በዚያው ጭንቅላታችን ውስጥ የመጥፎ ሰው ዕቃ ሆኖ ቀረ።

በ1997 ዓ.ም የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ሰው መሞት ቀነሰ፣ የከሳው ወፈረ፣ አልጋ ላይ የነበረው ተነስቶ ልጁን ዳረ። ዛሬ መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ግን ገና አልሰማውም። ፍርሃቱ ሄደ ማለት ነው። ደስ ይላል። ችግሩ ፍርሃቱ ሲሄድ ኮንዶሙንም ይዞት ሄደ፣ ሐሜቱን ግን ትቶልን።

አሁን አንዲት ልጅ «ኮንዶም እንጠቀም» ስትል ልጁ የሚሰማው «አላምንህም» የሚለውን ነው። እሱ ካነሳው ደግሞ «ምን አድርገህ ነው? ወይስ እኔን ምን መሰልኩህ?» ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱም ዝም። ጠዋት ፖስትፒል።

በሽታው ግን ዝም አላለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 374 ሚሊዮን አዲስ የአባላዘር ኢንፌክሽን ተከስቷል፤ ትሪኮሞናስ 156 ሚሊዮን፣ ክላሚዲያ 129 ሚሊዮን፣ ጨብጥ 82 ሚሊዮን፣ ቂጥኝ 7.1 ሚሊዮን። በቀን ሲካፈል ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው። አራቱም በመድኃኒት ይድናሉ፣ የሚያናድደውም ይሄው ነው። ኤችአይቪን በተመለከተ በ2010 ዓ.ም ገደማ በአገራችን ከተሞች በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉት 3 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ነበረ። ወንዶቹ 1.9 በመቶ፣ ሴቶቹ 4.1 በመቶ። ከእጥፍ በላይ።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ የመንገድ አገር ነው። አስፋልቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ይገባል፣ ጣርማበርን በዋሻው ሾልኮ ደብረ ሲና ይወርዳል፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያለ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ያልፋል። ሾፌር ያድራል፣ ረዳት ያድራል፣ ነጋዴ ያድራል። የመንዝ ልጅ ደጋ ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀወት ቆላ ወርዶ ማሾ ይለቅማል፣ ሽንኩርት ይነቅላል፣ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ይመለሳል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲው ከየአገሩ ልጅ ሰብስቧል፣ በ2011 ዓ.ም የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከየገጠሩ ወጣት ሴቶችን ሰብስቧል፣ ጦርነቱ ደግሞ ቤቱ የተቃጠለበትን ተፈናቃይ ሰብስቧል። ሰው በሚያድርበት፣ ብቻውን በሚሆንበትና ገንዘብ በሚያጥርበት ቦታ ሁሉ ይሄ ነገር አለ። የእኛ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም።

የምንጠራቸውን ስሞች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ብሽሽት ላይ አብጦ የሚወጣው ባምቡሌ። ምክንያቱ ላይ ስንደርስ ነው ጉዱ። «ጨረቃ ላይ ሸንቶ ነው።» «የጋለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው።» ጨረቃዋ ስንቱን ባለትዳር እንደሸፈነች እሷ ትወቅ። ጨብጥ በባክቴሪያ ነው የሚመጣው፣ ባክቴሪያው ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው፤ በብልት፣ በፊንጢጣ፣ በአፍም ጭምር። ጨረቃ የለችበትም።

አንድ የማውቀው ሾፌር አለ። ሲሸና እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለው ጀመር፣ ጠዋት ሲነሳ የውስጥ ሱሪው ላይ ቢጫ መግል። ጤና ጣቢያው ከቤቱ አሥር ደቂቃ ነው። አልሄደም፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የሚስቱ የአክስት ልጅ ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይሄ ሰው ግን በሽታውን የደበቀው ከሐኪም አልነበረም፣ ከዘመድ ነበር፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ አይለያዩም። ስለዚህ መንገድ ላይ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዛ። በሦስተኛው ቀን ተሻለው መሰለው፣ የተረፈችውን ለረዳቱ ሰጠ። በሁለት ሳምንቱ ተመለሰበት።

እዚህ ላይ ብዙ ነገር ተበላሽቷል። አንደኛ፣ ሲፕሮ። ባክቴሪያው ስለተላመደው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለጨብጥ እንዳይታዘዝ አድርጓል። አሁን ዋናው በመርፌ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ነው። ሁለተኛ፣ ጨብጥ ብዙ ጊዜ ክላሚዲያን ጎትቶ ነው የሚመጣው። ለዚህም ነው ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ለሁለቱም አንድ ላይ የሚታከመው፣ ምልክቱን አይቶ፣ ያለ ብዙ ላቦራቶሪ፣ በዚያው ቀን። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። ሚስቱ። እሷ ምንም አልሰማችም። ሰውየው ቢድን እንኳን ማታ ቤቱ ሲገባ መልሶ ይይዘዋል። ጤና ጣቢያ «ጓደኛህን ይዘህ ና» የሚሉት ለምርመራ ፋይል ማሟያ አይደለም፣ አንዱን ብቻ ማከም ቀዳዳ ጀሪካን እንደመሙላት ስለሆነ ነው።

ወንድ ላይ ጨብጥ ብዙ ጊዜ ይጮኻል፣ በ2 እና በ7 ቀን መካከል ራሱን ያሳያል። ሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ክላሚዲያ ደግሞ ይብስበታል። ትንሽ ፈሳሽ፣ ትንሽ የሆድ ቁርጠት፣ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ በእኛ አገር ብርድ ደግሞ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። ባክቴሪያው በማኅፀን በኩል ወደ ላይ ይወጣና የእንቁላል መተላለፊያ ቱቦውን ያቆስለዋል፣ ቁስሉ ሲድን ቱቦው ይጠብባል ወይም ይዘጋል። አምስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት ልጅ የለም። አማች ማጉረምረም ይጀምራሉ። ሽማግሌ ይመጣል። «መካን ናት» ይባላል። ሰውየው ሌላ ያገባል፣ ይወልዳል፣ «ይኸው እኔ ጋ ችግር የለም» ይላል። የዚያ ቤት ጉዳይ ምናልባት የተወሰነው አንድ ምሽት አንድ ከተማ ውስጥ ባልተገዛ አንድ ኮንዶምና በአራት ፍሬ ሲፕሮ ነው። መካንነት ሁሉ ከዚህ ይመጣል አልልም። ግን ሴትየዋን ከቤት ከማስወጣት በፊት ሁለቱም መመርመር አለባቸው የሚለውን ሽማግሌ አንድ ቀን ባየሁ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሌላም የማያስደስት ነገር ልጨምር። ነፍሰ ጡሮች ክትትል ሲጀምሩ ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝና ለጉበት ቫይረስ ይመረመራሉ። ጥሩ ነው፣ በተለይ ቂጥኝ በጊዜ ከተገኘ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፣ ካልተገኘ ግን ፅንሱን ሊገድለው ወይም ሕፃኑ ታሞ ሊወለድ ይችላል። ነገር ግን ይሄ ማለት በአንድ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምትመረመረው ሁሌም ሚስትየዋ ናት ማለት ነው። ውጤቱን ይዛ ቤት ትገባለች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት አመጣሽው?» ነው። ቀድሞ የተመረመረ ሰው ቀድሞ ያመጣ ሰው ተደርጎ ይቆጠራል። ቂጥኝ ግን ተንኮለኛ ነው። ሲጀምር የማያም ቁስል ያወጣል፣ በ3 እና በ6 ሳምንት መካከል ቁስሉ ያለ መድኃኒት ራሱ ይጠፋል፣ ሰውየውም «ምች ነበር፣ ለቀቀኝ» ብሎ ይረሳዋል። በሽታው አልለቀቀውም፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ባል ሆይ፣ «ከየት» ከማለትህ በፊት ከእሷ ጋር ሄደህ ክንድህን ስጥ።

ለአንድ መጽናት አይሠራም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ይሠራል። ሁለቱም ተመርምረው፣ ሁለቱም ከጸኑ። ጣጣ ያላት «ሁለቱም» የምትለዋ ቃል ናት። አሁን አሁን ከሠርግ በፊት ተመርመሩ ማለት ተለምዷል፣ ወላጅም ይጠይቃል፣ የንስሐ አባትም ይጠይቃሉ፣ ደግ አደረጉ። ወረቀቷን አይታችኋት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ኤችአይቪ ብቻ ናት። ቂጥኝ የለም። የጉበት ቫይረስ የለም። ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በግብረ ሥጋ ይተላለፋል፣ ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ስለሆነ ዛሬ የሚጋቡት አብዛኞቹ ሕፃን እያሉ አላገኙትም። ደግሞም የኤችአይቪ ምርመራው ሰው ከተጋለጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነፃ ነህ ሊል ይችላል፣ ተማምኖ ለማረፍ 3 ወር ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል። የሠርጉ ካርድ ታትሞ፣ ድንኳን ተከራይቶ፣ ጠላ ተጠንስሶ የሚደረግ ምርመራ ለዚህ ጊዜ የለውም።

የሴት ልጆች ወላጆች ከሆናችሁ የማኅፀን በር ካንሰር ክትባቱን አትለፉት። በ2011 ዓ.ም ነው የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መከተብ የተጀመረው። የሚከላከለው ቫይረስ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ነው፣ ክትባቱም ይበልጥ የሚጠቅመው ልጅቷ ገና ሳትጀምር ስትወስደው ነው። «ልጄን ምን አድርጋችሁ ገመታችኋት» ብሎ መቆጣት ምንም አያዋጣም።

ወደ ኮንዶሙ ልመለስ፣ ምክንያቱም «ተጠቀሙ» ከማለት አልፎ እንዴት የሚለውን የሚነግረን የለም። ጎማው ሙቀት ይጠላል። ደብረ ብርሃን ላይ ለብርዱ ምስጋና ይግባውና ብዙ አይጎዳም፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ጋቢና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኮንዶም ኮንዶም አይደለም። ኪስ ቦርሳ ውስጥ ሲታሽ የከረመም እንዲሁ። ጊዜው ያለፈበት መሆኑን እዩ፣ ማሸጊያውን በጥርስ አትክፈቱ። ጫፉን በሁለት ጣት ይዞ አየሩን ማስወጣት፣ እስከ ሥር ማልበስ፣ ሲጨርሱ ወዲያው ሥሩን ይዞ መውጣት። ሁለት ደርቦ ማድረግ ጉብዝና አይደለም፣ ሲፋተጉ ሊቀደዱ ይችላሉ። ደረቅ ነው ብላችሁ ቫዝሊን ወይም የፀጉር ቅባት እንዳትቀቡት፣ ዘይት ነክ ነገር ጎማውን በደቂቃዎች ያበላሸዋል። ውሃ ነክ የሆነ ማለስለሻ ፋርማሲ ይሸጣል።

ሁሉንም ይከላከላል ብዬ ግን አልዋሽም። ለኤችአይቪ፣ ለጨብጥና ለክላሚዲያ በደንብ ይሠራል፣ ሁልጊዜና በትክክል ከተደረገ። ሄርፒስ፣ ቂጥኝና ያ የካንሰሩ ቫይረስ ግን ቆዳ ከቆዳ ሲነካካም ይተላለፋሉ፣ ኮንዶም ያልሸፈነው ቦታ ላይ ቁስሉ ካለ ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። «ተገርዣለሁ» የሚሉም አሉ። መገረዝ ወንዱን ከሴት በሚመጣ ኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ገደማ ይቀንስለታል፣ እውነት ነው። ቀሪውን 40 ምን ልታደርገው ነው? እሷንስ?

ኮንዶሙ ቢቀደድስ፣ ወይም የማይሆነው ሆኖ አንዲት ሴት ብትደፈርስ? እዚህም 72 ሰዓት አለ፣ ግን የፖስትፒሉ አይደለም። ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ይሄ በሰዓት የሚቆጠር ስለሆነ ሲነጋ እናያለን አይባልም። መንገድ በሚዘጋበት፣ ተኩስ በሚሰማበት በእኛ አካባቢ 72 ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። በጥር 2017 ዓ.ም ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋርጧል። የቀሩት እጃቸው ሙሉ ነው።

እና ወሬውን እንዴት እንጀምረው? እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ትንሽ ብልጠት አለበት። በሽታን ማንሳት ስድብ ከሆነ አታንሱት። «እርግዝና አልፈልግም፣ እንክብሉም ያመኛል» ማለት ማንንም አይሰድብም። የቀረው ፍርሃት እርግዝና ብቻ ከሆነ በእሱ በኩል እንግባ። ባለትዳሯም ብትሆን፣ ባሏ ከቆላ በተመለሰ ማታ «የት ነበርክ» ከማለት «ልጅ እናራርቅ» ማለት ይቀላታል። እውነተኛውን ንግግር የሚተካ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ማታ ላለው ነገር ይደርሳል።

ለጓደኛዬ ይሄንኑ ነግሬያት ነበር። ኮንዶሙን ከታችኛው መደርደሪያ አንስታ ከፖስትፒሉ ጎን አስቀመጠችው። አሁን ፖስትፒል የሚጠይቃትን ሁሉ «ለሌላ ጊዜ ይሄንንስ ልጨምር?» ትላለች። ባለፈው ሳምንት እንዴት እየሄደ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ትቆጣለች» አለችኝ። «ትናንት ግን አንዷ ሁለት ፓኬት አድርጊልኝ አለች። ፌስታሉን ሳወጣ፣ ለምን? አለችኝ።»